ሳይቴሽን፣ ኤች-ኢንዴክስ እና ስማችን፦ ሐዋሳ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ የሚውል ሰው ይህ ወሬ አያመልጠውም። ዋናው ግቢ ሻይ ላይ፣ ሪፈራል ካፌ ውስጥ፣ ግብርና ግቢ ዛፍ ሥር፣ አንዱ ስልኩን አውጥቶ «አንተ ስንት ደረሰልህ?» ይላል። የሚጠይቀው ስለ ሳይቴሽን ነው። የማዕረግ ዕድገት ማመልከቻ ጊዜ ሲደርስ ደግሞ ወሬው ይብሳል። ሥራዬ መምህራንና ተመራማሪዎች የኅትመት ፕሮፋይላቸውን እንዲያስተካክሉ መርዳት ስለሆነ እነዚያው ጥያቄዎች በቴሌግራምም በአካልም ይመጡብኛል። አንድ ቦታ ጽፌ ላስቀምጣቸው ብዬ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሳይቴሽን ምንድን ነው? በአጭሩ።

ሌላ ተመራማሪ ሲጽፍ የእናንተን ፔፐር ጠቅሶ በዋቢ ዝርዝሩ ውስጥ ካስገባው አንድ ሳይቴሽን አገኛችሁ። በቃ። አድንቆ ይጥቀሳችሁ፣ «እነዚህ ሰዎች ተሳስተዋል» ብሎ ይጥቀሳችሁ፣ ቆጣሪው አይለይም።

ኤች-ኢንዴክስስ? ስንቴ ቢነገረኝ አይገባኝም።

ፔፐሮቻችሁን ብዙ ከተጠቀሰው ጀምራችሁ ወደ ታች ደርድሩ። አምስት አላችሁ እንበል፤ የተጠቀሱት 40፣ 12፣ 5፣ 4 እና 1 ጊዜ ነው። ከላይ ወደ ታች ቁጠሩ። አራተኛው ቢያንስ 4 ጊዜ ተጠቅሷል፣ አምስተኛው ግን 5 አልሞላም። ስለዚህ ኤች-ኢንዴክሳችሁ 4 ነው። ያ 40 የነበረው ነገ 400 ቢገባም ያው 4 ነው። ብዙ ሰው የሚናደደው እዚህ ጋ ነው፣ እውነቱንም ነው፣ አንድ ምርጥ ሥራ ያለው ሰው በዚህ መለኪያ አይታይለትም።

መለኪያውን በ2005 ያወጣው ሆርሄ ሂርሽ የሚባል በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ የሚሠራ የፊዚክስ ሊቅ ነው። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፦ አንድ ሰው ዕድል በቀናው አንድ ፔፐር ብቻ ወይም ማንም በማያነባቸው መቶ ፔፐሮች ብቻ ትልቅ እንዳይባል። ግን ሌላም ጠባይ አለው። ከወጣ አይወርድም። ሰውዬው ምርምር ካቆመ ሃያ ዓመት ቢሆነው፣ ቢሞትም እንኳ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ዕድሜ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ከወጣቱ ይቀድማል።

አይ-10 ኢንዴክስ የሚባለው ደግሞ ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ ፔፐሮቻችሁ ብዛት ነው። ጎግል ስኮላር (የጎግል የምርምር ጽሑፍ መፈለጊያ) ያመጣው ነገር ነው፣ ሌላ ቦታ ብዙም አትጨነቁበት።

የእኔ ኤች-ኢንዴክስ 6 ነው። ጥሩ ነው?

ከሁሉም በላይ የሚመጣ ጥያቄ ይህ ነው። እኔም በጥያቄ ነው የምመልሰው። የምን ትምህርት ሰው ናችሁ? የመጀመሪያ ፔፐራችሁ ከወጣ ስንት ዓመት ሆነው? 6 ያላችሁ ማን ነው፣ ጎግል ስኮላር ወይስ ስኮፐስ የሚባለው የሳይቴሽን ዳታቤዝ? እነዚህን ሳላውቅ «ጥሩ ነው» ወይም «አይ፣ ትንሽ ነው» ካልኳችሁ ዋሽቻችኋለሁ።

ሂርሽ ራሱ መለኪያውን ባወጣበት ጽሑፍ ላይ ነገሩን አስቀምጦታል። በጊዜው ከፊዚክስ ሰዎች ከፍተኛውን ያገኘው ኤድዋርድ ዊተን ነበር፤ ኤች-ኢንዴክሱ 110። ከሕይወት ሳይንስ ደግሞ ሶሎሞን ስናይደር፤ 191። ታዲያ ስናይደር ከዊተን በእጥፍ ሊጠጋ ትንሽ የቀረው ሊቅ ነው ማለት ነው? ማንም እንዲህ አይልም። የሁለቱ ዓለም የአጻጻፍ ልማድ ነው የሚለያየው። ሂርሽ ያኔ ራሱ በአሜሪካ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ለሚሠራ ፊዚክስ ሰው 12 አካባቢ ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት፣ 18 አካባቢ ለሙሉ ፕሮፌሰርነት ሊሆን ይችላል ብሎ ጽፏል። ለፊዚክስ ብቻ ያለውን ይህን ቁጥር ዛሬ እዚህ አገር ሶሺዮሎጂስት ላይ ሲጭኑት አይቻለሁ።

ለምን ይለያያል? ምክንያቱ ብዙ ነው። አንደኛው የዋቢው ርዝመት ነው። የሕክምና ወይም የባዮሎጂ ፔፐር ሲጻፍ ዋቢው በቀላሉ 40፣ 50 ይደርሳል፣ የሒሳብ ፔፐር ግን በ15 ዋቢ ያልቃል። ሰው ብዙ በሚጠቅስበት ሰፈር ውስጥ ካላችሁ የመጠቀስ ዕድላችሁ ይሰፋል። ሁለተኛው ፍጥነት ነው። የወባ መድኃኒት ጥናት ዘንድሮ ወጥቶ በሚቀጥለው ዓመት ይጠቀሳል። የሒሳብ ውጤት አሥር ዓመት ተኝቶ ከዚያ ሊነሳ ይችላል። ሦስተኛው የሰው ብዛት ነው፤ በዓለም ላይ ስለ ስኳር በሽታ የሚጽፈው ሕዝብና ስለ እንሰት አጠውልግ የሚጽፈው ሕዝብ አይወዳደርም። እንሰት እንደ ሰብል የሚመረተው እኛው አገር ነው፣ ታዲያ ማን ይጥቀሰው? ለሚሊዮኖች ምግብ የሆነ ተክል ላይ ዕድሜውን የጨረሰ የግብርና ግቢ ሰው በሳይቴሽን ብቻ ከተመዘነ ይጎዳል።

አራተኛው ደግሞ መጽሐፍ ነው። የታሪክ፣ የሥነ ልሳን፣ የሕግ ሰዎች ዋና ሥራቸውን በመጽሐፍና በመጽሐፍ ምዕራፍ ያወጣሉ። ዳታቤዞቹ ግን መጽሐፍ ላይ ደካማ ናቸው፣ በአማርኛ ወይም በሲዳምኛ ከተጻፈማ ጭራሹኑ አያዩትም። ስለ ሲዳምኛ ሰዋስው የተሟላ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ስኮፐስ ላይ ሲፈለግ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ 6 የሒሳብ ሰው ይዛው፣ 6 የሕዝብ ጤና ሰው ይዞት ሁለቱን ማወዳደር አንዱን በኪሎ፣ ሌላውን በደርዘን መዝኖ «ማን በለጠ?» እንደማለት ነው። ማወዳደር ካስፈለጋችሁ በዚያው ትምህርት ዘርፍ፣ በተቀራራቢ የሥራ ዘመን፣ በአንድ ዓይነት ዳታቤዝ ከራሳችሁ አቻዎች ጋር አወዳድሩ። ከዚያ ውጭ ያለው ወሬ ነው።

ታዲያ ዘርፎችን አስተካክሎ የሚያይ መለኪያ የለም?

አለ። ስኮፐስ በእንግሊዝኛ ምኅጻረ ቃሉ ኤፍደብሊውሲአይ የሚባል ቁጥር ያወጣል። የእናንተ ፔፐር የተጠቀሰበትን ብዛት በዚያው ዘርፍ፣ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ዓይነት ከወጡ ጽሑፎች አማካይ ጋር ያካፍለዋል። የዓለም አማካይ 1 ነው። 1.5 ከሆነ ከአማካዩ በ50 በመቶ በልጣችኋል፣ 0.6 ከሆነ ገና ናችሁ። በዚህ ቁጥር 8 ጊዜ የተጠቀሰ የሒሳብ ፔፐር 30 ጊዜ ከተጠቀሰ የሕክምና ፔፐር ሊበልጥ ይችላል። ግን ተጠንቀቁ፤ ፔፐራችሁ ሦስትና አራት ብቻ ከሆነ አንዱ ፈነዳና አማካዩን ሰማይ ሰቅሎ ያሳብዳችኋል። ብዙ ፔፐር ሲኖር ነው ትርጉም የሚሰጠው።

ጎግል ስኮላር 210 ይላል፣ ስኮፐስ 90 ይላል። ማንን ልመን?

ሁለቱንም። የሚቆጥሩት የተለያየ ነገር ነው። ጎግል ስኮላር ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ሁሉ ይለቅማል፦ የማስተርስ ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የኮንፈረንስ ወረቀት፣ ሪፖርት፣ ገና ያልተገመገመ ጽሑፍ። ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ የመረጧቸውን ጆርናሎች ብቻ ነው የሚያዩት። ስለዚህ ጎግል ሁሌም ይበዛል። ለአገር ውስጥ ጆርናልና ለማኅበራዊ ሳይንስ ሰዎች ጎግል ይሻላል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ቢያንስ ያያቸዋል።

ድክመቱ ግን ሰፊ በር መሆኑ ነው። በ2010 ሲሪል ላቤ የሚባል የፈረንሳይ ኮምፒዩተር ተመራማሪ አይክ አንትካሬ የሚባል በምድር ላይ የሌለ ሳይንቲስት ፈጠረ። በማሽን የተፈበረኩ ትርጉም የለሽ ጽሑፎችን እርስ በርስ እንዲጠቃቀሱ አድርጎ ኢንተርኔት ላይ ለቀቃቸው። ጎግል ስኮላር አመነው፤ የሌለው ሰው ኤች-ኢንዴክስ 94 ደረሰ። ይህን ታሪክ የምነግራችሁ እንድትሞክሩት አይደለም (እየሞከሩ ያሉ ሰዎች እንዳሉ ቢታወቅም)። ስኮላር ላይ ያለ ቁጥር ብቻውን ማስረጃ እንዳልሆነ እንድታውቁ ነው።

ማመልከቻ ላይ የሁለቱንም ጻፉ፣ ከጎኑ ያያችሁበትን ቀን አስቀምጡ። ቀኑን መጻፍ ቀላል ነገር ይመስላል እንጂ ከብዙ ክርክር ያድናል።

ፔፐሮቼ ግማሹ በሌላ ሰው ስም ነው የሚታየው። ምን ልሁን?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የእኛ አገር ተመራማሪ ከውጭው ይልቅ የሚጎዳው በዚህ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ዳታቤዝ ግን ይገለብጠዋል።

የፈረንጅ ሥርዓት ሁሉም ሰው የቤተሰብ ስም አለው ብሎ ነው የተሠራው። እኛ የለንም። አበበ ከበደ ብላችሁ ስትልኩ ጆርናሉ ከበደን የቤተሰብ ስም ያደርገዋል፣ ሌላ ጆርናል ደግሞ አበበን። ሦስተኛው የአያት ስም ጨምሩ ይላችኋል፣ ጨመራችሁ፣ አሁን ከበደ መሐል ገብቶ አንድ ፊደል ብቻ ቀረ። አንድ ሰው ሦስት ሰው ሆነ። ሳይቴሽኑም ሦስት ቦታ ተከፈለ፣ ኤች-ኢንዴክሱም ወረደ። በተቃራኒው ደግሞ ስማቸው የሚመሳሰል አራት ሰዎች አንድ ፕሮፋይል ውስጥ ታጉረው የእንስሳት ሕክምናውም፣ የሲቪል ምሕንድስናውም፣ የማዋለጃ ክፍሉም ጥናት የአንድ ሊቅ ሥራ መስሎ ይታያል።

የላቲን ፊደሉስ? ተስፋዬ መጨረሻው ላይ ዋይና ኢ ይዞ፣ አንዳንዴ ኢውን ጥሎ። ፀሐይ በቲኤስ፣ በቲዜድ፣ ባማራት። ጳውሎስ በፒ ብቻ ወይም ነጥብ ተደርጎበት። አንድ ሰው ዲግሪው ላይ በአንድ፣ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ፣ ፔፐሩ ላይ በሦስተኛ አጻጻፍ ይገኛል።

የተቋሙ ስም ጉዳይ ደግሞ ለሐዋሳ ሰዎች የብቻ ጣጣ ነው። የግብርና ኮሌጁ በ1976 ሲከፈት አዋሳ ነበር የሚባለው። ከዚያ ኮሌጆቹ ተዋሕደው ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ከ2006 ጀምሮ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከተማዋም በላቲን ፊደል አንዴ በኤች፣ አንዴ ያለ ኤች ትጻፋለች። ስለዚህ የአንድ ግቢ ሥራ በሦስትና በአራት ስም ተበትኖ ይገኛል። የድሮ ሥራችሁን ስትፈልጉ በሁሉም ስሞች ፈልጉ።

መፍትሔው አሰልቺ ነው ግን ይሠራል። አንደኛ፣ አንድ የስም አጻጻፍ ምረጡና እስከ መጨረሻው ያዙት። ብዙ የተጠቀሰው ፔፐራችሁ ላይ ያለውን ብትመርጡ ይቀላል። ሁለተኛ፣ ኦርኪድ አውጡ። አበባው አይደለም፤ ከ2012 ጀምሮ ያለ፣ ለያንዳንዱ ተመራማሪ 16 አሃዝ ያለው መታወቂያ የሚሰጥ አሠራር ነው። ነጻ ነው፣ ለማውጣት ሻይ ጠጥታችሁ ሳትጨርሱ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ፔፐር ስትልኩ ቁጥሩን አብራችሁ አስገቡ። ስም ቢገለበጥም ቁጥሩ አይገለበጥም። ሦስተኛ፣ ጎግል ስኮላር ፕሮፋይላችሁን ክፈቱና የእናንተ ያልሆነውን አስወግዱ፣ ሁለቴ የገባውን አዋሕዱ። «ራሱ ጎግል ነው ያስገባው» ማለት አያስጥልም፤ ገምጋሚ ካየው እናንተ ናችሁ የምትጠየቁት። አራተኛ፣ ስኮፐስ ላይ የተከፋፈሉ ፕሮፋይሎች ካሏችሁ አንድ ይደረጉልኝ ብላችሁ እዚያው ማመልከት ትችላላችሁ፣ ለዚህ ክፍያ የለውም፣ ዩኒቨርሲቲያችሁ ደንበኛ ባይሆንም እንኳ ይቻላል።

ኢምፓክት ፋክተር የእኔ ነው የጆርናሉ?

የጆርናሉ። አንድ ጆርናል ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች ዘንድሮ በአማካይ ስንት ጊዜ ተጠቀሱ ማለት ነው። ሐሳቡን በ1955 ያነሳው ዩጂን ጋርፊልድ ነው፤ በኋላ ቤተ መጻሕፍት የትኛውን ጆርናል ይግዛ ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መልስ ሆነ። ሰው ለመመዘኛ ሲውል ነው የተበላሸው። ኔቸር የተባለው ታዋቂ ጆርናል እንኳ በ2005 በራሱ ርእሰ አንቀጽ ላይ ከኢምፓክት ፋክተሩ 89 በመቶውን ያመጡት ከጽሑፎቹ 25 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው ብሎ ጽፏል። ሦስት አራተኛው በቀሪዎቹ ትከሻ ላይ ነው የሚሄደው ማለት ነው። «ፔፐሬ ኢምፓክት ፋክተሩ 5 ነው» አትበሉ። ፔፐር ኢምፓክት ፋክተር የለውም።

ጓደኛዬ ከ600 ሰው ጋር ላንሴት የሚባለው ታዋቂ የሕክምና ጆርናል ላይ አወጣ። ይህ ይቆጠራል?

ይቆጠራል። መቆጠሩ ግን ነገሩን ያወሳስበዋል። በዓለም ላይ ስላለው የበሽታ ጫና የሚሠሩት ትልልቅ ጥናቶች ብዙ መቶ ተባባሪዎች አሏቸው፣ ከነዚህም ውስጥ ኢትዮጵያውያን በርካታ ናቸው። እንዲህ ያለ አንድ ፔፐር በሺዎች ይጠቀሳል። ፊዚክስ ውስጥማ በ2015 የወጣ የሂግስ ቦዞን ክብደት ልኬት ጽሑፍ 5,154 ጸሐፊዎች ነበሩት፤ 33 ገጽ ሆኖ 24ቱ የስም ዝርዝር ነው።

ሥራው እውነተኛ ነው፣ ሰው ዳታ አምጥቷል፣ አስተያየት ሰጥቷል፣ ማናናቅ ነውር ነው። ነገር ግን ያንን 1,500 ሳይቴሽን ብቻዋን ከሦስት ተማሪዎቿ ጋር ስለ ሐይቁ ውኃ ጥራት ከጻፈችው ሰው 35 ሳይቴሽን ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ አይቻልም። ሲቪ ላይ ለይታችሁ አስቀምጡት፦ በመጀመሪያ ወይም በመጨረሻ ጸሐፊነት የሠራሁት ይህ፣ በትልቅ ጥምረት የተሳተፍኩበት ይህ። ሳትጠየቁ ራሳችሁ ብትለዩት ገምጋሚ ያከብራችኋል።

ፌስቡክ ላይ በየዓመቱ የሚለጠፈው «የዓለም 2 በመቶ ሳይንቲስቶች» ምንድን ነው?

እንኳን ደስ ያለህ፣ ፎቶ፣ አበባ፣ ርችት። አውቃለሁ። ዝርዝሩ እውነተኛ ነው፤ የስታንፎርዱ ጆን ዮአኒዲስና ባልደረቦቹ ከ2019 ጀምሮ ከስኮፐስ ዳታ እያወጡት ነው። ሰውን በ22 ዋና ዘርፎችና በ174 ንዑስ ዘርፎች ይከፍሉታል፣ ይህ ነው ጥሩ ጎኑ። ደግሞ ጠቅላላ ሳይቴሽንን ብቻ አያዩም፤ ብቻውን የጻፈው፣ መጀመሪያ ላይ ያለበት፣ መጨረሻ ላይ ያለበት ሁሉ ለየብቻ ይታያል፣ በብዙ ሰው የተጻፈው ደግሞ በጸሐፊው ብዛት ይቀነሳል። ባለ 600 ሰው ፔፐር እዚህ ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል።

ሁለት ዝርዝር እንዳለ ግን ልብ በሉ። አንዱ የሙሉ የሥራ ዘመን ነው፣ ሌላው የአንድ ዓመት ብቻ። «2 በመቶ ገባ» ሲባል የቱ እንደሆነ ጠይቁ። ዝርዝሩ ራስን መጥቀስ ሲነሳ የሚመጣውን ደረጃም ጎን ለጎን ያሳያል። አንዳንዱ ሰው ያኔ ነው የሚወርደው።

እና ራስን መጥቀስ ሐጢአት ነው?

አይደለም። ካለፈው ሥራችሁ የቀጠለ ጥናት ከሆነ ሳትጠቅሱ እንዴት ትጽፋላችሁ? ችግሩ ልክ ሲያልፍ ነው። ስኮፐስ ላይ ራስን መጥቀስን በአንድ ጠቅታ ማውጣት ይቻላል፤ አውጥታችሁ ቁጥሩ በግማሽ ከወረደ ቆም በሉ። ከዚህ የባሰው «አንተ እኔን ጥቀስ፣ እኔ አንተን» የሚለው ዕቁብ ነው። ገምጋሚ ሆኖ «እነዚህን አምስት ፔፐሮቼን ካልጠቀስክ አላሳልፍህም» የሚልም አለ። ይህ ሲገጥማችሁ ለኤዲተሩ በትሕትና ጻፉ፣ ዝም አትበሉ።

«ውድ ፕሮፌሰር፣ በሦስት ቀን እናወጣልዎታለን» የሚል ኢሜይል መጣልኝ።

ሰርዙት።

እሺ፣ ትንሽ ላብራራ። በሦስት ቀን የሚገመግም ሰው የለም። ገንዘባችሁን ነው የፈለጉት። ጄፍሪ ቢል የሚባል አሜሪካዊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ እንዲህ ያሉትን በዝርዝር ይዞ ነበር፣ በ2017 መጀመሪያ ላይ አነሳው፣ ቅጂዎቹ ግን አሁንም ይዞራሉ፤ ያረጁ ስለሆኑ በእነሱ ብቻ አትተማመኑ። ጆርናሉ ስኮፐስ ውስጥ አለሁ ካለ ራሳችሁ ስኮፐስ ላይ ገብታችሁ በአይኤስኤስኤን (የጆርናል መለያ) ቁጥሩ ፈልጉት፤ የድሮ እውነተኛ ጆርናልን ስምና ቁጥር ሰርቀው የውሸት ድረ ገጽ የሚከፍቱ ስላሉ አድራሻውንም አመሳክሩ። ለአንባቢ በነጻ ክፍት የሆነ ጆርናል ከሆነ ዲኦኤጄ የሚባለው መዝገብ ላይ መኖሩን እዩ። ኤዲተሮቹን ስማቸውን ፈልጓቸው፤ አንዳንዴ ስማቸው እንዳለበት ራሳቸው አያውቁም።

ደግሞ ትልቅ ስም ያለው አሳታሚ ሁሉ ዋስትና አይደለም። ሂንዳዊ የሚባለው አሳታሚ በዋይሊ ከተገዛ በኋላ በ2023 ብቻ ከ8,000 በላይ ጽሑፎች ተሰርዘውበታል፤ ምክንያቱም የግምገማው ሥርዓት በፔፐር ነጋዴዎች ተጠልፎ ነበር። በዚያው ዓመት ዌብ ኦፍ ሳይንስ በርካታ ጆርናሎችን ከዝርዝሩ አስወጥቷል። ዛሬ ያለ ጆርናል ነገ ላይኖር ይችላል። ተቀባይነት ያገኛችሁ ዕለት ጆርናሉ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን የሚያሳየውን ገጽ አስቀምጡ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ «የለም» ሲሏችሁ ታሳያላችሁ።

ማሳተሚያ ክፍያው በዶላር ነው። ከየት ላምጣ?

ብዙዎቹ ታዋቂ አሳታሚዎች ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ክፍያውን ይተዋሉ ወይም ይቀንሳሉ፤ ኢትዮጵያ በአብዛኞቹ ዝርዝር ውስጥ አለች። ግን ጠይቃችሁ ነው የምታገኙት። የምትጠይቁትም ፔፐሩን ስትልኩ ነው፤ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ብዙዎቹ አይሰሟችሁም። ደብዳቤ የሚጽፈው ጸሐፊ አገርም ይታያል፤ ውጭ ያለ ተባባሪያችሁ ዋና ተጻጻፊ ከሆነ ነጻነቱ ሊቀር ይችላል። በዚህ ምክንያት ስንት ሰው ከኪሱ ከፈለ! ደግሞ ክፍያ የማይጠይቁ ጆርናሎችም ሞልተዋል፣ ብዙዎቹ ላይ ፔፐሩ ለአንባቢ ዝግ ይሆናል እንጂ ያው ሳይቴሽን ያገኛል።

አገር ውስጥ ጆርናል ላይ ማውጣት ኪሳራ ነው?

ማን እንዲያነበው ነው የፈለጋችሁት? ሲዳማ ክልል ውስጥ ላሉ የግብርና ባለሙያዎች የሚጠቅም ነገር ከሆነ አገር ውስጥ ይሻላል። የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ከ1962 ጀምሮ አለ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ጆርናል ሲኔት፣ የጅማው የጤና ሳይንስ ጆርናል፣ እነዚህ ከብዙ የኢሜይል ጆርናሎች በእጅጉ ይበልጣሉ። አጆል የሚባለው ከ1998 ጀምሮ የአፍሪካ ጆርናሎችን ኢንተርኔት ላይ የሚያወጣ አገልግሎት ስላለ ውጭ ያለ ሰውም ያገኛቸዋል። ግን ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት ጆርናሉ በትምህርት ሚኒስቴር ዕውቅና ካገኙት ውስጥ መሆኑን አረጋግጡ።

ሳይጭበረበር ሳይቴሽን የሚጨምር ነገር አለ?

አለ፣ ግን አንዱም አስማት አይደለም። ርዕሱ ግልጽ ይሁን፤ «በሐዋሳ ከተማ» የሚለውን ርዕሱ ላይ ከማሸግ ጥናቱ ሌላ ቦታ ላለ ሰው ምን እንደሚነግረው ይታይበት። የአጠቃላይ ቅኝት ጽሑፍ ከአንድ ጥናት ይልቅ ብዙ ይጠቀሳል፣ ስለዚህ ዘርፋችሁን በደንብ ስታውቁ አንድ ጻፉ። ዳታችሁን ከቻላችሁ ክፍት አድርጉ። ጆርናሉ ከፈቀደ እሱ ገና ያላቀናበረውን የራሳችሁን ቅጂ ኢንተርኔት ላይ በነጻ አስቀምጡ፤ ሰው ያላገኘውን አይጠቅስም። ደግሞ ፔፐሩ ሲወጣ በዘርፉ ለሚሠሩ ጥቂት ሰዎች ኢሜይል ብትልኩ ነውር የለበትም።

አንድን ጥናት በአምስት ቀጭን ፔፐር መቆራረጥ ግን አያዋጣም። ለጊዜው ቁጥር ይጨምራል፣ አንዱም አይጠቀስም።

ሳይቴሽን የሌለው ትልቅ ሥራ አለ?

አለ እንጂ። አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት ደግሞ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ሌላው ሰው ሁሉ በየቀኑ እያየ ያለፈውን ነገር ወደ ጥናት ለወጠው፤ በ1989 ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኘበት። ይህን ሥራ በኤች-ኢንዴክስ መለካት ምን ይባላል? ገቢሳ እጄታም በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኘው አቀንጭራንና ድርቅን የሚቋቋም ማሽላ አውጥቶ ነው። የተዘራውን ማሳ የሚቆጥር ዳታቤዝ የለም።

ከውጭም ሜንዴልን አስቡት። የአተር ጥናቱ በ1866 ወጥቶ ዋጋው የታወቀው በ1900 ነው፤ እሱ ቀድሞ ሞቷል። ይህን ስል «ፔፐሬ የማይጠቀሰው እንደ ሜንዴል ስለሆንኩ ነው» እንድትሉ አይደለም። አብዛኛው የማይጠቀስ ፔፐር የማይጠቀሰው ስለማያስፈልግ ነው።

የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ ውስጥ ነኝ። እንዴት ልገምግም?

ቁጥሩን ሳይሆን ፔፐሩን አንብቡ። ቀላል አይደለም፣ ማመልከቻ ሲደራረብ ቁጥር መደመር ይቀልላል። ግን ከ2013 ጀምሮ ዶራ በሚባለው ስምምነት ብዙ ተቋማት ሰውን በጆርናል ኢምፓክት ፋክተር አንመዝንም ብለው ፈርመዋል። በ2015 ደግሞ የላይደን ማኒፌስቶ የሚባል ወጥቷል፤ ቁጥር የባለሙያ ፍርድን ያግዝ እንጂ አይተካ ይላል። አመልካቹ ምርጥ የሚላቸውን ሦስት ወይም አራት ሥራዎች ራሱ እንዲመርጥና ለምን እንደመረጣቸው በግማሽ ገጽ እንዲጽፍ አድርጉ። ከዘርፉ ሰው አንድ ጨምሩ። የሒሳብ ሰው ፋይል ላይ የሕክምና ሰው ብቻ እንዳይፈርድ።

ገና የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ከአሁኑ ምን ላድርግ?

ኦርኪድ አውጪ፣ የስም አጻጻፍሽን ምረጪ፣ ከአማካሪሽ ጋር ማን መጀመሪያ ጸሐፊ እንደሚሆን ሥራው ሳይጀመር ተነጋገሪ፣ የተስማማችሁትንም በኢሜይል አስፍሪ። ኤች-ኢንዴክስን ለአምስት ዓመት እርሺው።